የሰው ልጅ ፌሮሞን አለው? ከካፋ ቀፎ እስከ አራስ ቤት

«ፌሮሞን ያለበት ሽቶ» የሚል ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ያልገጠመው ወጣት ጥቂት ነው። ሁለት ጠብታ አንገት ላይ ጣል ካደረጉበት ያገኘዎት ሁሉ ይማረካል ይላል፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ሻጩን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ጥያቄው ይቀራል። ሰው እንደ ንብና እንደ ፍየል በጠረን የሚተላለፍ ትእዛዝ አለው ወይ? እናት ልጇን በጠረኑ ትለየዋለች? በባልና ሚስት፣ በወላጅና በልጅ መካከል ሽታ የሚሠራው ሥራ አለ?

ይህን ለመመርመር ካፋ ጥሩ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጎ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦንጋ የደረሰ ሰው፣ ፌሮሞንን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዕለት ሥራቸው የሚያውቁ ገበሬዎች ያገኛል። ስሙን ላይጠሩት ይችላሉ፤ ሥራውን ግን አሳምረው ያውቁታል።

ከአናቢው እንነሳ። በካፋ ጫካ ባህላዊው ቀፎ የሚሰቀለው ከረጅም ዛፍ ላይ ነው። ማር ቆራጩ ጢስ ይዞ፣ ብዙውን ጊዜ በጨለማ፣ ይወጣል። አንዲት ንብ እጁን ከነደፈችው ነገሩ በአንዷ አያበቃም፤ ሌሎቹ እየተከታተሉ የሚያርፉት እዚያችው የተነደፈችው ቦታ ላይ ነው። ምክንያቱ ይታወቃል። ንቧ ስትነድፍ መውጊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ከዚያ አይሶፔንቲል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይተናል፤ ለሰው አፍንጫ የበሰለ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ለንቦቹ ግን «ጠላት እዚህ ጋ ነው፣ ውጉት» ማለት ነው። ጢስ ከሚረዳባቸው ምክንያቶች አንዱ የንቦቹን አንቴና ለዚህ ሽታ ማደንዘዙ ነው። መውጊያውን ቶሎ ነቅሎ ቦታውን በጢስ ማጠን የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

እዚያው ቀፎ ውስጥ ንግሥቲቱ፣ አናቢዎች አውራ የሚሏት፣ ከመንጋጋዋ እጢ የምታወጣው ሌላ ንጥረ ነገር አለ። ሠራተኞቹ ሲልሷትና እርስ በርስ ሲነካኩ ለቀፎው ሁሉ ይዳረሳል። እሷ እስካለች ድረስ የሠራተኞቹ እንቁላል ማምረቻ ሳይዳብር ይኖራል። ከሞተች ግን ቀፎው በሰዓታት ውስጥ ይነቃና ሌላ አውራ ማሳደግ ይጀምራል።

ፌሮሞን ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ፍጡር ከሰውነቱ የሚያወጣው፣ በራሱ ዝርያ አባላት ላይ የታወቀ ምላሽ ወይም የሰውነት ለውጥ የሚያስከትል ኬሚካል። ቃሉን በ1959 የፈጠሩት ፒተር ካርልሰንና ማርቲን ሉሸር ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡቴናንት የመጀመሪያውን ፌሮሞን ከሐር ትል እራት ለይቶ አወጣ። ሥራው ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ የግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴት እራቶች እጢ ተሰብስቦ የተገኘው ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነበር። ነገር ግን የተገኘው ነገር ምን እንደሆነ በማያሻማ መንገድ ታወቀ፤ በቤተ ሙከራ ተሠራ፤ የተሠራውም ወንዱን እራት ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን እንዲፈልግ ሲያደርገው ታየ። ፌሮሞን ነው ለማለት የሚጠየቀው ማስረጃ ይኸው ነው። ይህን መለኪያ ያዙልኝ፤ ሰው ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ቡቴናንትን ካነሳን አይቀር ካፋን የሚነካ ወሬ አለ። የ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተካፈለው ከሊዮፖልድ ሩዚችካ ጋር ነበር። ሩዚችካ ደግሞ በ1926 ለዝባድ ሽታውን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር፣ ሲቬቶንን፣ ከምን እንደተገነባ የፈታው ሰው ነው። ዝባድ በካፋ ነገሥታት ዘመን ከቦንጋ ገበያ ከሚወጡት ውድ ዕቃዎች አንዱ ነበር። ጥርኙ በጠባብ ማጎሪያ ተይዞ፣ ዝባዱ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት እየተፋቀ፣ በከብት ቀንድ ታሽጎ በነጋዴ ጓዝ ወደ ባሕር ይጓዝ ነበር። ኢትዮጵያም ለዘመናት የዓለም ሽቶ ሠሪዎች ዋና የዝባድ አቅራቢ ሆና ኖራለች። ጥሬው ዝባድ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ የሚያምረው በጣም ሲቀጥን ነው። ጥርኙ ዛፍና ድንጋይ ላይ የሚቀባው ግን ለሌላ ጥርኝ ነው እንጂ ለፓሪስ ወይዛዝርት አይደለም። ሽቶ ውስጥ የእንስሳ ምልክት መግባቱ ሽቶውን የሰው ፌሮሞን አያደርገውም። የዛሬዎቹ ሽቶ ሻጮች ይህችን ነገር ሆን ብለው ያድበሰብሷታል።

አሁን ወደ በረቱ እንግባ። እዚያ ሁለት ዓይነት ሽታ አለ፤ ስለ ሰው የሚወራውን ያበላሸውም ሁለቱን ማምታታት ነው።

አንደኛው የወጠጤው ሽታ ነው። ወጠጤ ከሩቅ ይሸታል፤ ሙክት አይሸትም። በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ከወጠጤው ራስ ፀጉር ከሚወጣው ሽታ ውስጥ 4-ኤቲልኦክታናል የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ሴቷ ፍየል ስታሸተው አንጎሏ ውስጥ የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚቀሰቅሰው ክፍል ሥራውን ያፋጥናል። ከተኮላሹት ፍየሎች ይህ ንጥረ ነገር አልተገኘም። ሴቷ ይህን ከማንም አልተማረችም፤ ወጠጤው የማን እንደሆነም ለውጥ አያመጣም።

ሌላው የግልገሉ ሽታ ነው። በአዲዮ ወረዳ ጅራተ ሰፊዋ የቦንጋ በግ ስትወልድ ብትመለከቷት፣ ገና ግልገሉ መሬት ሳይነካ ጀምሮ መላስ ትጀምራለች ለማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ገደማ የዚያን ግልገል ሽታ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ግልገል ልጥባ ብሎ ቢጠጋ አሽትታው በግንባሯ ትመታዋለች። እናቱ የሞተችበትን ግልገል ልምድ ያለው ሰው አዲስ በወለደችው በግ እንሽርት ውኃ የሚያሸው ለዚህ ነው። የግልገሉ ሽታ በመንጋው ላሉት ሌሎች በጎች ምንም አይደለም። የሚናገረው ለአንዷ ብቻ ነው፤ እሷም ተማረችው እንጂ ይዛው አልተወለደችም።

የወጠጤው ሽታ እንደ አዋጅ ነው፤ ለሁሉም አንድ ነው። የግልገሉ ሽታ እንደ ስም ነው፤ የሚያውቀው የለመደው ብቻ ነው። ለሰው የቀረበው ጥያቄም በዚሁ ሊታይ ይገባዋል። ስም እንዳለን በደንብ ይታወቃል። አዋጅ አለን ወይ ነው ጥያቄው።

አውራ በግ የሴቷን ሽንት ካሸተተ በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ የላይ ከንፈሩን ሲገለብጥ ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ይህን የሚያደርገው ሽታውን ከላንቃው በላይ ወዳለ ልዩ የማሽተቻ አካል ለማስገባት ነው። ብዙ እንስሳት አብዛኛውን ፌሮሞን የሚያነቡት በዚህ ነው። በሰውም አፍንጫ ውስጥ የዚህ አካል ቅሪት የምትመስል ትንሽ ጉድጓድ ትገኛለች። ግን ወደ አንጎል የሚሄድ ነርቭ የላትም፤ አካሉ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ዋናው ዘረ መልም በእኛ ውስጥ ተበላሽቶ ቀርቷል። ይህ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም፤ አንዳንድ ፌሮሞን በተራው አፍንጫም ይነበባልና። ጥንቸል ልጆቿን ወደ ጡቷ የምትጠራው እንዲያ ነው።

የሰው ፌሮሞን ወሬ ከየት መጣ ታዲያ? ትልቁ መነሻ በ1971 የወጣ ጥናት ነው። ማርታ ማክሊንቶክ የምትባል ወጣት ተመራማሪ በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ መኝታ ቤት አብረው የሚኖሩ 135 ሴት ተማሪዎችን ተከታትላ፣ የሚቀራረቡት ጓደኞች የወር አበባቸው ጊዜ እየተጠጋጋ ሄዷል አለች። ወሬው ዓለምን ዞረ። ዛሬም በአዲስ አበባም ሆነ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚኖሩ ልጆች «እኔና እሷ እኮ በአንድ ቀን ነው» ሲባባሉ ይሰማል። ሆኖም የአንዷ ዑደት 28 ቀን፣ የሌላዋ 31 ቀን ከሆነ ሁለቱ በራሳቸው ጊዜ ይቀራረባሉ፣ ይገናኛሉ፣ ተመልሰው ይራራቃሉ። ሲገናኙ እናስተውላለን፤ ሲራራቁ ማን ይቆጥራል? በ2006 የታተመና 186 ቻይናውያን ተማሪዎችን ከአንድ ዓመት በላይ የተከታተለ ጥናት መጣጣም አላገኘም። የቀደመው ጥናት አቆጣጠርም ችግር እንዳለበት ተገለጠ።

ሁለተኛው መነሻ ከሳይንስ ይልቅ ንግድ ይሸታል። በ1991 አንድ የሽቶ ንግድ ፍላጎት ያለው የአሜሪካ ኩባንያ በደገፈው ጉባኤ ላይ ሁለት ንጥረ ነገሮች፣ አንድሮስታዳይኖንና ኤስትራቴትራኢኖል፣ «የሰው ፌሮሞን ሊሆኑ የሚችሉ» ተብለው ቀረቡ። እንዴት እንደተመረጡ፣ ከሰው ላይ በምን መንገድ እንደተለዩ ማስረጃ አልቀረበም። ቡቴናንት ሃያ ዓመት የደከመበት ደረጃ በሙሉ ተዘለለ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙ ተመራማሪዎች እነዚሁኑ እየገዙ ሙከራ ሠሩባቸው። የኦክስፎርዱ ትሪስትራም ዋያት በ2015 ጉዳዩን መርምሮ፣ ለሁለቱም የሚያጸና ማስረጃ የለም፤ ከመጀመሪያው ይጀመር አለ። በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ሙከራም ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ሰዎች የሌላውን ውበትም ሆነ ጾታ በሚገምቱበት መንገድ ላይ ለውጥ እንደማያመጡ አሳየ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሽቶ ውስጥ ገብተዋል የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ፣ ወይም የአሳማ ፌሮሞን የሆነው አንድሮስቴኖን ናቸው። አንድሮስቴኖን ሴት አሳማን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ የአሳማ አርቢዎችም በጣሳ እየገዙ ይረጩታል። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም።

ስለዚህ እስካሁን በሰው ላይ በማያጠራጥር መንገድ የተረጋገጠ ፌሮሞን አንድም የለም። ፍለጋው ግን አልቆመም። ተስፋ ያለው መንገድም፣ በእኔ አስተያየት፣ ወጣቶቹ ከሚሸተቱበት ሳይሆን ከአራስ ቤት ነው።

በእናት ጡት ጫፍ ዙሪያ፣ ጠቆር ባለው ክብ ላይ፣ ትናንሽ ጉብ ጉብ ያሉ እጢዎች ይታያሉ። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ጎልተው ይወጣሉ፤ ፈሳሽም ያመነጫሉ። በ2009 ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ፈሳሽ በመስታወት ዘንግ ለተኙ የሦስት ቀን ሕፃናት አፍንጫ ቀረበ። ሕፃናቱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ ምላሳቸውን አወጡ፣ አተነፋፈሳቸው ተለወጠ፤ ለሌሎች ሽታዎች ካሳዩት የበለጠ። ልብ የሚባለው፣ ፈሳሹ የገዛ እናታቸው አልነበረም። የማያውቋት ሴት ነበር። ከማንም እናት ቢወሰድ፣ ለማንም ሕፃን ቢቀርብ፣ ሳይማሩት ምላሽ ከሰጡ ይህ ስም ሳይሆን አዋጅ ይመስላል። የጎደለው ንጥረ ነገሩን ለይቶ ማውጣት ነው። እስካሁን አልተለየም።

ሌላም አለ። በ2021 የእስራኤል ቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ሄክሳዴካናል የሚባል ንጥረ ነገርን ሰዎች ሳያውቁት አስሸተቷቸው፤ በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ የወንዶቹ ቁጣ ቀነሰ፣ የሴቶቹ ጨመረ። ይኸው ንጥረ ነገር ከሕፃናት ጭንቅላት እንደሚወጣም አሳዩ። አባት ሕፃኑን ሲያሸት ይበርዳል፣ እናት ደግሞ ለመከላከል ትነሣለች የሚል ግምት ከዚህ ወጣ። ግምቱ ይጥማል። ግን በሌሎች እጆች ተደጋግሞ እስኪታይ ድረስ ግምት ነው።

አዋጁ ገና ቢሆንም ስሙ ላይ ማስረጃው ብዙ ነው። በ1994 የታተመ አንድ ሙከራ በጣም ቀላል ነበር፤ ከወሊድ በኋላ የእናትየዋ አንድ ጡት ታጠበ፣ ሌላው ሳይታጠብ ቀረ፣ ሕፃኑ በሁለቱ መካከል በሆዱ ተኛ። ከ30 ሕፃናት 22ቱ ያልታጠበውን መረጡ። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ የለመደው የእንሽርት ውኃ ሽታና የእናት ቆዳ ሽታ ይቀራረባሉ፤ ከቆዳው ታጥቦ የሚሄደውም እሱ ነው። በስድስት ቀን ዕድሜያቸው ደግሞ የእናታቸውን ጡት የነካ ጨርቅና የሌላ እናትን ጨርቅ ጎን ለጎን ብታደርጉላቸው ወደ እናታቸው ይዞራሉ። እናቶችም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ልጃቸውን ለአጭር ጊዜ ብቻ ያቀፉ አራሶች የልጃቸውን ሸሚዝ ከሌላው በአፍንጫቸው ለይተው አውቀዋል። በ2013 ደግሞ 30 ሴቶች የማያውቋቸውን ጨቅላዎች ሽታ እያሸተቱ አንጎላቸው በምስል ተነሣ። ገና የወለዱት 15ቱ ላይ የደስታና የሽልማት ስሜት የሚመጣበት የአንጎል ክፍል ካልወለዱት ይልቅ ጠንክሮ ሠራ። አያቶች ሕፃን አቅፈው አናቱን እያሸተቱ «እሰይ!» የሚሉት ሞኝነት አይደለም።

እናት የምትበላውም እዚህ ውስጥ አለበት። ነጭ ሽንኩርት የበላች ነፍሰ ጡር እንሽርት ውኃዋ ይሸታል፤ በ2001 የወጣ ጥናትም እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ የጠጡ ሕፃናት ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም እንዳልከበዳቸው አሳይቷል። የካፋ ሕፃንም በኮረሪማ የተነጠረውን ቅቤ የሚያውቀው ገንፎ አፉ ሳይገባ በፊት ሳይሆን አይቀርም። አብሽ ለብቻው መነሣት አለበት። አራስ አብሽ ስትጠጣ ላቧም የሕፃኑ ሽንትም የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ጉዳት የለውም። እናት አብሽ ሳትቀምስ ሕፃኑ እንዲህ ከሸተተ፣ በተለይም ለመጥባት ከደከመና ከፈዘዘ፣ ያልተለመደ ግን ከባድ የዘር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት።

ልጁ ሲያድግ ሽታው ይለወጣል። ትኩስ ላብ በራሱ እምብዛም አይሸትም። በጉርምስና ጊዜ በብብት ሥር ያሉ ልዩ እጢዎች ሥራ ይጀምራሉ፤ የእነሱን ቅባታማ ፈሳሽ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት ነው የሚሸተው። በ2024 የታተመ የጀርመን ጥናት ከ14 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ከሦስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የማይገኙ ላብና ሽንት ሽንት የሚሉ ንጥረ ነገሮች አግኝቷል። ትናንት አናቱን ስትስም የነበረች እናት ዛሬ «ኧረ ሂድና ታጠብ!» ማለቷ ፍቅሯ ስለቀነሰ አይደለም።

ስለ ወንድምና እህትም የሚባል አለ። በ2003 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የቤተሰብ አባላት ለብሰውት ያደሩትን ካናቴራ እርስ በርስ አስሸተታቸው። ብዙዎቹ ዘመዳቸውን ለይተዋል፤ አባትና ሴት ልጅ፣ ወንድምና እህት ደግሞ አንዱ የሌላውን ሽታ አልወደዱትም። ተመራማሪዎቹ ይህ የዘመድ ጋብቻን የሚከላከል ተፈጥሯዊ አጥር ሊሆን ይችላል ብለው ገመቱ። ከዚህ ተነሥቶ ሰባት ቤት መቁጠርን በአፍንጫ ለማስረዳት የሚሞክር አይጠፋም። አልስማማም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አፍንጫ ደግሞ አብረን ካደግነው ሰው አያልፍም። ሌላ ወረዳ ያደገች የአምስተኛ ቤት ዘመድ በጠረኗ አትታወቅም። ካፊቾ ከራሱ ጎሣ እንዳያገባ የሚጠብቀው የሽማግሌ ቆጠራ ነው።

ባልና ሚስትን በተመለከተ በ1995 በበርን ከተማ የተሠራው የካናቴራ ሙከራ ስመ ጥር ነው። ሴቶች ከእነሱ የተለየ የበሽታ መከላከያ ዘረ መል ያላቸውን ወንዶች ሽታ መርጠዋል ተባለ። በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ግማሹ ይደግፈዋል፣ ግማሹ አይደግፈውም፤ ትዳር የሚመሠረትበት ነገር አይደለም። የበለጠ የሚያሳምነኝ በ2018 የወጣው የካናዳ ጥናት ነው። 96 ሴቶች በአስጨናቂ ሁኔታ ውስጥ እንዲያልፉ ተደረገ፤ የባላቸውን ወይም የወዳጃቸውን ካናቴራ ያሸተቱት ጭንቀታቸው ቀለል አለላቸው፤ የማያውቁት ወንድ ካናቴራ የደረሳቸው ደግሞ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ልጇ ዐረብ አገር ከሄደች በኋላ ነጠላዋን ሳታጥብ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠች እናት ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልጋትም። እዚህ የሚሠራው ግን ፌሮሞን አይደለም። አብሮ መኖር ያስተማረው ሽታ ነው፤ ለሌላ ሰው የልብስ ሽታ ብቻ ነው።

ሽቶ መግዛት ያማራችሁ እንግዲህ ሽታው ደስ ካላችሁ ግዙት፤ ፌሮሞን አለበት ተብሎ ለተጨመረው ዋጋ ግን አትክፈሉ። ገና ለሚወልዱና ለሚያዋልዱ ደግሞ አፍንጫን የሚመለከት ተጨባጭ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ሕፃን እንደተወለደ ተጠራርጎ ደርቆ እናቱ ደረት ላይ ራቁቱን እንዲውል፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት እንዲጀምር፣ ገላው ደግሞ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዳይታጠብ ይመክራል። ዋናው ምክንያት ብርድ ነው፤ ሽታውም አብሮ ይጠበቃል። እናንተም አያቶች፣ አክስቶችና አዋላጆች፣ ሕፃኑን ለማጠብ አትቸኩሉ፤ የእናቲቱን ጡት በሳሙና አትሹት፣ ሽቶም አትቀቡት።